በውጭ አገር በበጎ ፈቃድ ለማስተማር ለሚነሣ ተመራቂ

በበጎ ፈቃድ ለማስተማር ያሰበ አዲስ ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የሚሄድበትን አገር በመምረጥ ነው፤ መቅደም የነበረበት ግን ምን ማስተማር እንደሚችል መለየት ነው። ቋንቋ አቀላጥፎ መናገርና ቋንቋን ማስተማር የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። እንግሊዝኛ ለማስተማር ካሰቡ በርካታ ድርጅቶች የ120 ሰዓት ሥልጠና ምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ሥልጠናው በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት የሚደረግ ልምምድ ያለው መሆኑን አስቀድሜ አያለሁ። ሴልታ የተባለው የካምብሪጅ ሥልጠና፣ ለምሳሌ፣ ሠልጣኙ ለ6 ሰዓት ያህል ሲያስተምር እየታየ የሚገመገምበት ነው።

ድርጅት ሲመርጡ አስቀድመው የመቀበያ መስፈርቱን ያንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ የሰላም ጓድ የሚቀበለው የአሜሪካ ዜጎችን ብቻ ሲሆን፣ የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ አፍሪካውያንን ለ12 ወራት ያሰማራል። የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ማደሪያውንና የጤና መድኅኑን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከአመልካቹ ገንዘብ የሚያስከፍል ድርጅት ከሆነ ደግሞ ከክፍያው ትምህርት ቤቱ ዘንድ የሚደርሰው ስንቱ እንደሆነ ለመጠየቅ ይሉኝታ አይያዝዎት። ከሁሉም በላይ ግን ከእርስዎ በፊት ትምህርቱን ማን ያስተምር እንደነበረና ሲመለሱ ማን እንደሚረከብዎት ይወቁ፤ ደመወዝተኛ መምህር ተነሥቶ በነጻ በሚሠራ ሰው የሚተካበት ምደባ ከሆነ ባይቀበሉት ይሻላል።

ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ስለሆነ የቱሪስት ቪዛ ይበቃል ብሎ መነሣት አደገኛ ነው፤ ብዙ አገሮች በጎ ፈቃደኝነትንም እንደ ሥራ ይቆጥሩታልና። የዲግሪ ማስረጃን ማረጋገጥና ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ማውጣት ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ቀድመው ይጀምሩ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠየቅበት አገር ከሆነ የምስክር ወረቀቱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ መሆኑን አይርሱ።

ከደረሱ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ነባሮቹ መምህራን ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጠው ቢያሳልፉት ብዙ ያተርፋሉ። ተማሪዎቹ ተነሥተው ይመልሱ እንደሆነ፣ ደብተር እንዴት እንደሚታረም፣ መጽሐፍ ለስንት እንደሚዳረስ የሚታየው ከዚያ ነው። በራስዎ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ከጻፉ በኋላ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደው ጽሑፉ መነበቡን ያረጋግጡ፤ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን አዲስ መምህር ሁሉ ፊደሉን ያሳንሳል። «ገባችሁ?» ብለው ከጠየቁ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላል፤ የገባውም ያልገባውም። በዚህ ፈንታ ደወሉ ሊደወል 5 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጥያቄ ሰጥተው በብጣሽ ወረቀት አሠርተው ይሰብስቡ። ማታ ወረቀቶቹን የተሳሳቱበት ቦታ እየለዩ ሲከምሩ የነገው ትምህርት ከየት እንደሚጀምር ይገለጥልዎታል።

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በአንድ ደብተር የትኛው ምዕራፍ እንደተሸፈነና የትኛው መልመጃ እንዳስቸገረ ይመዝግቡ፤ ሲሄዱም ደብተሩን ለሚተካዎት መምህር በእጁ ያስረክቡ።