አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግራብ አልጫን ሲል

ሊኑክስ ሚንት ወይም ዴቢያን ስትጭኑ ሁሉም ነገር አልቆ መጨረሻ ላይ «ግራብን (ማሽኑ ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) መጫን አልተቻለም» ከተባላችሁ፣ ተናዳችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም፤ ግራብ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ነው።

በቅድሚያ ማሽኑ በየትኛው መንገድ እንደተነሳ እወቁ። ከፍላሹ በተነሳው ሊኑክስ «ሲስ» የሚለውን ፎልደር፣ ቀጥሎ «ፈርምዌር»ን ክፈቱ። እዚያ «ኢኤፍአይ» የሚባል ፎልደር ካለ በዩኢኤፍአይ ተነስቷል፤ ከሌለ በድሮው ባዮስ ነው። ሁለቱም ማሽኑ ሲበራ ቀድመው የሚሠሩ የማዘርቦርዱ ፕሮግራሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት የተሠሩ ፒሲዎች አብዛኞቹ ባዮስ ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለውም ለእነሱ ነው።

ባዮስ ከዲስኩ አንብቦ የሚያስነሳው የመጀመሪያዋን 512 ባይት ብቻ ነው። ከእሷም ለቡት ኮድ (ለማስነሻው ፕሮግራም) የምትተርፈው 446 ባይት ናት። ይህች ለግራብ ስለማትበቃው ቀሪ አካሉን ከመጀመሪያው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) በፊት ባለው ክፍት ቦታ ያሳርፋል። ችግሩ፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተከፋፈለ ዲስክ ላይ ፓርቲሽኑ ከሴክተር 63 (ሴክተር 512 ባይት የምትይዝ የዲስክ ቁራጭ ናት) ስለሚጀምር ክፍተቱ 31 ኪሎባይት ገደማ ነው። በተለይ ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ የሚያሠራ) ወይም ኤልቪኤም (የዲስክ ቦታን እንደልብ የሚያከፋፍል) ከታከለበት ግራብ እዚያ አይገባም። ስለዚህ ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡና ጂፓርትድ በሚባለው የዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም ፓርቲሽኑን ከሴክተር 2048 አስጀምሩት።

ዲስኩ የተከፋፈለው ጂፒቲ በሚባለው አዲሱ ዘዴ ከሆነ ግን ግራብ በዚያ ክፍተት አይጠቀምም። 1 ሜጋባይት ፓርቲሽን ክፈቱለት፣ ፎርማት ሳታደርጉ «ባዮስ ግራብ» የሚለውን ምልክት ስጡት፤ በቃ።

አሁን ግራብን እንደገና ጫኑ። የሚጫነው ዲስኩ ራሱ ላይ ነው፤ ማለትም ኤስዲኤ (ሊኑክስ ለሙሉ ዲስኩ የሚሰጠው ስም) ላይ እንጂ ኤስዲኤ1 (የዲስኩ የመጀመሪያ ፓርቲሽን) ላይ አይደለም። ስሙን ብቻ አትመኑ፣ ፍላሹም ኤስዲኤ ሊባል ስለሚችል በጊጋባይት ብዛቱ ለዩት። እኔ አንዴ ሳላይ ፍላሹ ላይ ጭኜ፣ ፍላሹ ካልተሰካ የማይነሳ ኮምፒውተር ይዤ ግማሽ ቀን ተንከራትቻለሁ።

ተጭኖም ሲነሳ «ከዲስኩ ውጭ ለማንበብ ተሞክሯል» የሚል ስህተት ካመጣ፣ ባዮሱ ከ137 ጊጋባይት በላይ ማየት የማይችል ሊሆን ይችላል። ይሄኔ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ 1 ጊጋባይት ያህል ለ«ቡት» ፎልደር ለብቻው መድቡና ሲስተሙን እንደገና ጫኑ።

ሁሉ ተስተካክሎ ማሽኑ ጠፍቶ ባደረ ቁጥር ዲስኩን የሚረሳ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን እዩ። ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ ጥፋቱ የግራብ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ናት። ቀይሯትና ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ በማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ ሃርድ ዲስኩን ፊት አድርጉት።