ድንጋይ ስንት ሚሊ ሊትር ነው?

ርዝመት ለመለካት ማስመሪያ አለ። ክብደት ለማወቅ ሚዛን አለ። ይዘት ላይ፣ ማለትም አንድ ነገር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ስንለካ ግን ነገሩ ትንሽ ጠመም ይላል፤ በቀጥታ ስለማይገኝ ዞር ብላችሁ በሌላ በኩል ነው የምትደርሱበት።

ሳጥን ከሆነ ጣጣ የለውም። ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በቁመት፣ አለቀ። 20 ሴንቲ ሜትር በ10 በ5 የሆነ ሳጥን 1,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ ልክ 1 ሊትር ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ኩብና 1 ሚሊ ሊትር ስማቸው ተለያየ እንጂ አንድ ናቸው።

ሰው የሚሸወደው የቱ ላይ ነው? 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 1 ሜትር ኩብም 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይመስለዋል። በሦስቱም አቅጣጫ መቶ መቶ ስለሚገባ ግን 1,000,000 ነው፣ ማለትም 1,000 ሊትር። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ፈተና ላይ አንድ ሙሉ የውሃ ታንከር ከአንድ ብርጭቆ አሳንሼው ወጥቻለሁ።

አሁን ድንጋዩን አምጡ። የተለመደው መንገድ መስመር ያለው መለኪያ ውስጥ ውሃ ጨምሮ ድንጋዩን መክተት ነው። ውሃው ከ50 ወደ 68 ሚሊ ሊትር ከፍ ካለ የድንጋዩ ይዘት 18 ነው። ስታነቡ ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ከውሃው እኩል አድርጉ። ውሃው ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መሃሉ ላይ ዝቅ ይላል፤ የሚነበበው ዝቅ ያለው ነው።

እኔ ግን የምወደው ሌላ ዘዴ አለ። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ክሩን በእጃችሁ እንደያዛችሁ፣ ታችኛውንም ጎኑንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ንከሩት። ሚዛኑ 18 ግራም ካለ ይዘቱ 18 ሚሊ ሊትር ነው። ክብደቱን የያዛችሁት እናንተ ሆናችሁ ሚዛኑ ለምን ጨመረ? ውሃው ድንጋዩን ወደ ላይ ሲገፋ ድንጋዩም ውሃውን በዚያው ልክ ወደ ታች ይገፋል፤ የግፊቱ ልክ ደግሞ ድንጋዩ ቦታ ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ነው። የጥንቱ የግሪክ ሊቅ አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት የደረሰበት ነገር ነው። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ግራም ገደማ ይመዝናል።

አሁን ክሩን ልቀቁት። ድንጋዩ ታች ሲያርፍ ሚዛኑ ሙሉ ክብደቱን ያሳያል፣ 47 ግራም እንበል። 47ን ለ18 ስታካፍሉ 2.6 አካባቢ ይመጣል፤ የድንጋዩ አንዱ ሚሊ ሊትር 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ግራናይት የሚባለው ጠንካራ ድንጋይም እዚያው ሰፈር ነው።

የሚንሳፈፍ ነገር ከሆነ በቀጭን መርፌ ተጭናችሁ አስጥሙት። አሸዋ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ በፍሬዎቹ መሃል አየር አለ፤ 100 ሚሊ ሊትር ደረቅ አሸዋና 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲቀላቀሉ 200 አይሞሉም።

በጣም ትንሽ ነገር ሲሆን ደግሞ አብዝታችሁ ለኩና አካፍሉ። አንድ ጠብታ ውሃ ሚዛኑን ንቅንቅ አያደርገውም፤ 100 ጠብታ ግን ያደርገዋል። 5 ግራም ከመጣ አንዱ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። ብቻ ስትቆጥሩ ማንም እንዳያናግራችሁ።