የሙከራ ውሾች የደም ውጤት ሲዘበራረቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ማሽኑ ተስተካክሏል፣ ሬጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) ጊዜው አላለፈበትም፣ የናሙና ቱቦዎቹም አልተቀያየሩም እንበል። ጎንደር ውስጥ በውሻ ላይ የሚደረጉ ጥናቶችን የደም ውጤት ሳነብ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የውሾቹ አያያዝ ነው።

ምልክት፦ መድኃኒት ሳይሰጥ ኒውትሮፊልና ስኳር ከፍ፣ ሊምፎሳይትና ኢኦሲኖፊል ዝቅ ማለት (ከስኳር በቀር ሦስቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው)፤ የሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሴል በደም ውስጥ ያለው ድርሻ) መዋዠቅ

ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፤ «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝለትም አያለሁ። ውሻ ሲደነግጥ አድሬናሊን ጣፊያውን ያኮማትረዋል። የውሻ ጣፊያ ብዙ ቀይ የደም ሴል ስለሚያከማች ሄማቶክሪቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨምራል። ፍርሃቱ ለሰዓታት ሲቆይ ደግሞ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል።

በአንድ የጥናት ቦታ ውሾቹ ለናሙና የሚቀርቡት አንገታቸው ሽቦ ገብቶበት፣ ጥፍራቸው ሲሚንቶውን እየቧጨረ፣ እየተጎተቱ ነበር። መድኃኒት ያልተሰጣቸው ቀድመው ይያዛሉ፤ የተሰጣቸው የሌሎቹን ጩኸት እየሰሙ ጥግ ይዘው ሲንቀጠቀጡ ይቆያሉ። የኋለኞቹ ሄማቶክሪት ከፍ ብሎ ሲገኝ ተመራማሪው የመድኃኒቱ ውጤት ነው ብሎ ጻፈው። ያጠናው የአያያዝ ተራቸውን ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ማነጻጸሪያዎቹ ውሾች ከጄኔሬተር ጎን፣ ሌሎቹ ጸጥ ባለው ጓሮ ታስረው አግኝቻለሁ። እንዲህ ያለውን ልዩነት የትኛውም ስታትስቲክስ አያጠራውም።

ስለ እንስሳት ሙከራ ሥነ ምግባር የጻፉት ተመራማሪዎች ራስልና በርች በ1959 (እ.ኤ.አ.) የእንስሳትን ቁጥር መቀነስንና ሥቃይን ማቃለልን ጎን ለጎን ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አያያዝ ሲበላሽ ውጤት ይዋዥቃል፤ ውጤት ሲዋዥቅ ተጨማሪ ውሾች ይጠየቃሉ።

መፍትሄ፦ ውሻው እንደመጣ ደም አትውሰዱ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይላመድ። ከመተማ ቆላ የመጣ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው የጎንደር ከፍታ ራሱ ቀይ ሴልን ስለሚጨምር ከዚያም በላይ ጠብቁት። አንድ የማይቀያየር ተንከባካቢ በየቀኑ እየዳበሰና እያጎረሰ የፊት እግሩን መስጠት ያለማምደው። ከሚስማማው ውሻ ጋር ይዋል፤ ሲፈራ የሚሸሸግበት ጥግም ይኑረው። የማደሪያ ክፍልና የናሙና ተራ በዕጣ ይመደቡ። ጎትቶ የሚይዝ ሠራተኛ ከዚህ ሥራ ይነሳ።

ማስጠንቀቂያ፦ እንዲረጋጋ ብላችሁ መድኃኒት አትውጉት። አሴፕሮማዚን ሄማቶክሪትን ያወርዳል፤ ዛይላዚን ስኳርን ከፍ ያደርጋል።
ማስጠንቀቂያ፦ በጥምቀት ሰሞን የድምፅ ማጉያ ሲጮህ ባደረ ሌሊት ማግስት ናሙና አትውሰዱ።

ምልክት፦ የደም ማነስ

መጀመሪያ የመንጠቆ ትል እንዳለ ሰገራውን መርምሩ። ቀጥሎ ምን እንደሚበላ ጠይቁ። የካፌ ትርፍራፊ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ወጥ የነካው እንጀራ በምንም ምክንያት አትስጡ! በጀት የለም ማለት መልስ አይደለም፤ ውሻን የሚመግብ በጀት የሌለው ጥናት መጀመር የለበትም።

ምልክት፦ የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) መውረድ

መዥገር ፈልጉ፤ በመዥገር የሚተላለፈው ባክቴሪያ፣ ኤርሊኪያ፣ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ በክረምት ክብደት መቀነስ

እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የሚያድር ውሻ የበላውን የሚጨርሰው ሰውነቱን ለማሞቅ ነው። ከወለል ከፍ ያለ የእንጨት መኝታ አሠሩለት፤ ደረቅ ገለባ አንጥፉለት።

ምልክት፦ ያለማቋረጥ ክብ እየሠራ መዞር፣ መዳፍን እስኪቆስል መላስ

ይህን ውሻ ዛሬውኑ ከጥናቱ አውጡና አሳክሙት። ከእርሱ የተሰበሰበው መረጃም በዝምታ አይሰረዝ፤ የወጣበት ምክንያት በሪፖርቱ ይጻፍ።