የጀርመን ስደተኛ ቅድመ አያት በሚሊሻ መዝገብ ውስጥ ሲጠፋ

በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ሚሊሻ ያገለገለ ጀርመናዊ ቅድመ አያት የምትፈልጉ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ዛሬ በሚጠራበት ስም ብቻ አትፈልጉ። ስም ዝርዝሩን የያዘው ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጸሐፊ ነበር፤ በጆሮው የሰማውን ያሰፍራል። ሽናይደር ስናይደር፣ ሙለር ሚለር ይሆናል። ስሙ ሲተረጎምም ጺመርማን የነበረው ካርፔንተር ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱም አናጺ ማለት ናቸውና። የመጀመሪያ ስምም ያሳስታል፦ ዮሃን ፒተር ተብሎ የተጠመቀ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፒተር ሊባል ይችላል፣ ወንድሞቹም ሁሉ ዮሃን ሊሆኑ ይችላሉ።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ፊርማውን ነው። ከ1727 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊላደልፊያ የደረሱ ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ ጀርመናዊ ወንዶች የታማኝነት ቃል ይፈርሙ ነበር። መጻፍ የሚችለው በጀርመንኛ ፊደል፣ የማይችለው በምልክት። ስሙን እርሱ ራሱ እንደጻፈው የምታዩት እዚያ ነው፤ ያንን ፊርማ በኑዛዜው ግርጌ ካለው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ የፊደሎቹን አጣጣል አስተያዩ።

ተመሳሳይ ስሞች ሲበዙ የሻምበሉን ስም ያዙ። የሻምበል ጦር የሚውጣጣው ከአንድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የዚያን ቀበሌ የግብር መዝገብና የሉተራን ወይም የሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ፈትሹ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የ1777 እ.ኤ.አ. የፔንሲልቬንያ የሚሊሻ ሕግ ከ18 እስከ 53 ዓመት ያሉትን ወንዶች በጅምላ ስለመዘገበ፣ ስሙ በዝርዝሩ መገኘቱ ብቻ ዘምቷል አያሰኝም። የደመወዝ ክፍያ ሰነድ ፈልጉ።