ላፕቶፕ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ዊንዶውስ 11 እና ኤአይ በእርግጥ ምን ይፈልጋሉ?

ቱሉ ዲምቱም ሆነ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ግራውንድ ላይ ያሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። "ዊንዶውስ 10 አበቃለት ይባላል። ኤአይም መጣ። ላፕቶፑን ልሽጠው እንዴ?" እዚህ ሰፈር አንድ ላፕቶፕ ልጅ ይማርበታል፣ ሱቅ ይተዳደርበታል፣ ማታ ደግሞ ፊልም ይታይበታል። በወሬ ተነስቶ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። በእኔ እምነት ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ብቻውን ላፕቶፕ አያስቀይርም። የሚያሳስበው የደህንነት ዝማኔ መቆሙ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ርካሽ መላ አለ።

1. መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጉና «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ። «ፕሮሰሰር» (የላፕቶፑ አንጎል) የሚለውን መስመር ፈልጉ። ኢንቴል ከሆነ ከ«አይ 5» ወይም ከ«አይ 7» ቀጥሎ ቁጥር አለ። የቁጥሩ መነሻ ጄኔሬሽኑን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ይነግራችኋል፦ 6300 ስድስተኛ፣ 7200 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ ነው። በ1 ከጀመረ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ውሰዱ። 1035 አሥረኛ፣ 1135 አሥራ አንደኛ ማለት ነው።

ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ኢንቴልን በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን፣ የኤኤምዲን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ደግሞ በጥቅሉ ከራይዘን 3000 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ነጋዴ "ይሄ እኮ አይ 7 ነው" ሲላችሁ አትደንግጡ። አይ 7 4600 አራተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ያሉትም ሁለት ኮሮች (ሥራ የሚከፋፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ናቸው። አይ 5 8250 አራት ኮር አለው፣ ዊንዶውስ 11ም ይቀበለዋል። ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ።

ሌላው መስፈርት ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቺፑ እያለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ጠፍቶ ይገኛል። "የለውም" ከመባሉ በፊት ባለሙያ ባዮሱን ከፍቶ ይይላችሁ።

2. ካለፈ፣ አሻሽሉት

አክቲቬት ከሆነ ዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሸጋገር ነፃ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ ታገኙታላችሁ። ግን አስቀድማችሁ ፎቶውንና ሰነዱን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። የሚወርደው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ይሻላል። ባትሪው የደከመ ከሆነ ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ፈጽሞ አትጀምሩት። መሃል ላይ ከጠፋ ዊንዶውሱ ሊበላሽ ይችላል።

3. ካላለፈ፣ ገና አትሽጡት

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ላፕቶፑ ያን ቀን መሥራት አላቆመም። የቆመው የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚላከው መድፈኛ ነው። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያቆይ ተጨማሪ የደህንነት ዝማኔ አዘጋጅቷል። ዋጋው 30 ዶላር ነው። ሆኖም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ የሴቲንግ ባካፕ ካበራችሁ ያለ ክፍያ መመዝገብ ይቻላል። ምዝገባው እዚያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው፤ ዊንዶውሱ ግን 22ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን መሆን አለበት።

"አርጅቷል" የምትሉት ስለሚንቀራፈፍ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ዲስኩ «ኤችዲዲ» (የሚሽከረከረው የድሮ ዲስክ) ከሆነና ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ፣ ችግሩን አገኛችሁት። ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገቡበት። ራሙም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 አሳድጉት። አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም፣ ልዩነቱን ግን ገና ስታበሩት ታዩታላችሁ። በእርግጥ ኤስኤስዲ ስድስተኛ ጄኔሬሽንን ስምንተኛ አያደርገውም። ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ብቻ ለሚፈልገው ሰው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም መጫንም ጥሩ መንገድ ነው። ነፃ ነው፣ የደህንነት ዝማኔም ያገኛል።

ዊንዶውስ 11ን በማይቀበለው ማሽን ላይ አስገድደው የሚጭኑም አሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ዝማኔ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። የደንበኛ መታወቂያና ሰነድ ለሚያልፍበት የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር አልመክረውም።

4. ኤአይ የሚሠራው የት ነው?

ቻትጂፒቲም ሆነ ጄሚናይ ሥራቸውን የሚሠሩት ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። እናንተ ጋ የሚያስፈልገው ብራውዘርና ኢንተርኔት ብቻ ነው፤ በስልክም ይሠራሉ። ለተማሪም ሆነ ደብዳቤ ለሚያረቅ ሰው ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የሚወስነው ኔትወርኩ ነው።

በፈረንጆቹ 2024 የወጡት «ኮፓይለት ፕላስ» የሚባሉት ኮምፒውተሮች ግን ይለያሉ። ኤአዩን እዚያው ማሽኑ ላይ የሚያሠራ ኤንፒዩ የሚባል ክፍል አላቸው። መስፈርቱ በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ ኤንፒዩ፣ 16 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ማከማቻ ነው። በዚህ ከሚገኙት አንዱ «ሪኮል» ነው፤ ስክሪናችሁን በየጊዜው ፎቶ እያነሳ ኋላ እንድትፈልጉበት ያስቀምጣል። ከግላዊነት አንጻር ብዙ ተቃውሞ ስለገጠመው ሥርጭቱ ዘግይቶ በ2025 ነው የተጀመረው። እንደኔ ለዚህ ብቻ ተብሎ ቁጠባ አይነካም።

5. መግዛት ግድ ከሆነ

መገናኛ ወርዳችሁ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትመርጡ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች አትውሰዱ፣ ምንም ያህል ቢረክስ። ከመክፈላችሁ በፊት «ሲስተም»ን ከፍታችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በባትሪ አሠሩት። በመጨረሻ አጥፍታችሁ ስታበሩት ባዮስ ውስጥ ግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው ተዉት፤ ቲፒኤሙ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ ማብራት አትችሉም።