የድሮ ቡሌት ሞተር ሳይክል በእግር እንዴት ይነሳል? አዲሱስ ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ አይፈልግም?

እኛ ሀገር ባለ ሦስት እግሯን ተሽከርካሪ በአምራቿ ስም «ባጃጅ» ብለን ቀረን። ህንዶች ደግሞ የተገላቢጦሹን አድርገዋል። ሮያል ኢንፊልድ ብዙ ዓይነት ሞተር ሳይክል ይሠራል፣ እነሱ ግን ሁሉንም በአንዱ ሞዴል ስም «ቡሌት» ይሉታል። ሌላ ስም ቢለጠፍበትም ግድ የላቸውም። ድምፁ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ ካለ ቡሌት ነው፤ አለቀ።

እውነተኛው ቡሌት ግን ራሱን የቻለ የዘር ሐረግ አለው። ስሙ ጥይት ማለት ነው። አምራቹ ከጦር መሣሪያ ሥራ ጋር ንክኪ ስለነበረው የቆየ መፈክሩም «እንደ ጠመንጃ የተሠራ» የሚል ነበር። የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ፣ ሬዲች በምትባል ከተማ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከነፃነት በኋላ የህንድ ጦር ለድንበር ጥበቃ ጠንካራ ሞተር ሳይክል ሲፈልግ 350 ሲሲውን ቡሌት መረጠ። በ1955 የእንግሊዙ ድርጅትና ማድራስ ሞተርስ ተሻርከው ኢንፊልድ ኢንዲያን አቋቋሙ። መገጣጠሙ የተጀመረው ማድራስ፣ በዛሬ ስሟ ቼናይ ነው። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። የሬዲቹ ፋብሪካ በ1967 ተዘጋ፣ ህንድ ያለው ልጅ ግን ያንኑ ሞተር መሥራቱን ቀጠለ። ይባስ ብሎ በ1977 ማድራስ የተሠራውን ቡሌት ለእንግሊዞቹ መልሶ ይሸጥላቸው ጀመር።

ታዲያ የዚህን ሞተር ታሪክ ቁጭ ብሎ ከማንበብ ይልቅ አንዱን ለማስነሳት መሞከር ይሻላል። ከዓመታት በፊት ለትምህርት ፑንጃብ፣ ፓቲያላ ከተማ ነበርኩ። ያከራዩኝ ሰውዬ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ እንደ ሰፈሩ ልማድ «አንክል ጂ» ነበር የምላቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ አሮጌ ቡሌት ቆሞ ነበር። እኔም ባለችኝ የሞተር ልምድ ተማምኜ ዘልዬ መታሁት። ማስነሻው መልሶ እኔን መታኝ። ለሦስት ቀን አነከስኩ። አንክል ጂ ሻያቸውን እየጠጡ «እግርህን ተወው፣ መርፌውን እይ» አሉኝ። ቀጥሎ ያለው ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩት ነው። እያንዳንዱን እርምጃ ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቡሌት ለውጥ ማለት እነዚህ እርምጃዎች አንድ በአንድ የተሰረዙበት ሂደት ነው።

1. መጀመሪያ የትኛው ቡሌት እንደሆነ ለዩ

ጎንበስ ብላችሁ ሞተሩን እዩት። ሞተሩና ካምቢዮው ሁለት የተለያዩ አካላት ሆነው በብሎን ከተያያዙ ከድሮዎቹ ወገን ነው። አሁን ትንሽ ማግኔት አውጡና ሲሊንደሩ ላይ ለጥፉ። ከያዘ የብረቱ ቡሌት ነው፤ ከ1955 ጀምሮ ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል መሠረታዊ ንድፉ ሳይነካ የተሠራው ማለት ነው። ካልያዘ ደግሞ ከ2000 ግድም ጀምሮ የመጣው፣ ኤቪኤል የተባለው የኦስትሪያ ድርጅት እጅ ያለበት የአሉሚኒየም ሞተር ነው።

ሞተር፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ በአንድ ቤት ውስጥ ከታሸጉ ቡሌት 350 ላይ በ2010 የገባው «ዩሲኢ» የሚሉት ትውልድ ነው። በእግር የሚመታ ማስነሻ ጭራሽ ከሌለው ደግሞ በ2023 የወጣው አዲሱ ነው። እሱን ከያዛችሁ ቁልፉን አዙራችሁ አዝራሩን ተጫኑ፣ ጨርሳችኋል። የቀረውን ለጨዋታ አንብቡት።

በነገራችን ላይ በ1993 በናፍጣ የሚሠራ ኢንፊልድም ወጥቶ ነበር። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የናፍጣ ሞተር ሳይክል እንደሆነ ይነገርለታል። ገበሬና ወተት አመላላሽ ይወዱት ነበር፤ ፍጥነት የሚባል ነገር ግን አትጠብቁበት። ናፍጣ እሳት የሚረጭ ካንዴላ ስለሌለው ይህ መመሪያ አይመለከተውም።

ከዚህ በታች ያለው ለብረቱ ቡሌት ነው።

2. መሃለኛው ማቆሚያ ላይ አቁሙት፣ ዘይትና ቤንዚኑን እዩ

በጎን ማቆሚያው አዘንብሎ የቆመ ሞተር ላይ መማር ሚዛን ያሳጣል። መሃለኛውን ተጠቀሙ። የዚህ ሞተር ዘይት የሚቀመጠው እዚያው የሞተሩ ቤት ውስጥ በተከፈለለት ቦታ ነው፤ ክዳኑን ፈታችሁ በመለኪያው ዘንግ እዩት። ከዚያ የቤንዚኑን ቧንቧ ክፈቱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን ቾክ አንሱ። ሞቅ ካለ ቾኩን አትንኩት።

በ2020 የብክለት ሕጉ ሲጠብቅ ካርቡሬተሩ ቀርቶ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ መርጨት መጣ። ቾክ የሚባለውም አብሮ ተሸኘ።

3. ማርሹን ነፃ አድርጉ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሮው ቡሌት ማርሽ በቀኝ እግር ነው፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ። ከለመድነው ፍጹም ተቃራኒ ነው። አንደኛ ማርሽ ወደ ላይ ነው፣ ሌሎቹ ሦስቱ ወደ ታች። ካምቢዮው ላይ አንዲት ተጨማሪ ትንሽ ማንሻ ታገኛላችሁ። ከአንደኛ በስተቀር ከየትኛውም ማርሽ በተረከዝ ስትጫኗት ቀጥታ ነፃ ላይ ታስቀምጣለች። መንገድ መብራት ላይ እሷን የምታክል ነገር የለም። አዲሶቹ ላይ እሷን የመሰለ ነገር አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

4. ፍሪሲዮኑን አላቁት

ቁልፉ ገና ሳይከፈት የፍሪሲዮኑን ማንሻ ጨብጣችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በእግር ምቱ። ሌሊቱን በዘይት የተጣበቁት የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች ይላቀቃሉ። ይህን ከዘለላችሁ አንደኛ ስታስገቡ ሞተሩ ይዘላል።

5. መርፌውን ፈልጉ

የአንክል ጂ ምስጢር ይሄ ነው። ከፊት መብራቱ በላይ፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው አጠገብ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ መለኪያ አለች። መሃል ላይ የምትቆም መርፌ አላት። ባትሪ ሲሞላ ወደ አንድ ወገን፣ ባትሪ ሲበላ ወደ ሌላው ታዘነብላለች። ለጌጥ እንዳትመስላችሁ።

የድሮው ቡሌት እሳት የሚሰጠው በፑንቲና፣ ማለትም እየገጠመ በሚለያይ ትንሽ የኤሌክትሪክ መገናኛ ነው። ፑንቲናው ሲገጥም ከባትሪው ኤሌክትሪክ ይስባል፣ መርፌዋም ወደ መቀነሻው ትወርዳለች። ሲለያይ መሳቡ ይቋረጥና መርፌዋ ወደ መሃል ትመለሳለች። የሚለያየው ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ፒስተኑ የታመቀውን ጋዝ ይዞ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል። ስለዚህ መርፌዋ የምትነግራችሁ የማይታየው ፒስተን የት እንዳለ ነው። እኔ ይህን የገባኝ ቀን ከማንም መማሪያ መጽሐፍ በላይ ስለ ሞተር ተምሬያለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፉን ክፈቱ። ማስነሻውን በእግር ቀስ ብላችሁ ግፉት፤ መምታት የለም። መርፌዋ ወርዳ ቆይታ ብድግ ብላ ወደ መሃል ስትመለስ ቁሙ። እግራችሁም እዚያው ላይ ግድግዳ የገፋ ያህል ይከብደዋል።

6. ትንፋሹን አስወጡ

መሪው ላይ በግራ በኩል ከፍሪሲዮኑ ሌላ አንዲት ትንሽ ማንሻ አለች። የታመቀውን አየር በትንሽ ቫልቭ ታስወጣለች። እሷን ጨብጡና ማስነሻውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ታች ግፉት። ፒስተኑ ጫፉን አለፈ ማለት ነው። ማንሻዋን ልቀቁ። ማስነሻውም ወደ ላይ ተመልሶ ይምጣ።

ይህን እርምጃ መዝለል ነው እኔን ያስነከሰኝ። ፒስተኑ ጫፍ ሳያልፍ በደካማ ምት ብትጀምሩ፣ እሳቱ ቀድሞ ይፈነዳና ፒስተኑን ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ማስነሻው ከእናንተ እግር ጋር አብሮ ይመለሳል። በነጠላ ጫማ የሚሞክር ሰው ካያችሁ ከልክሉት።

ዩሲኢ ላይ ይህን ሥራ ሞተሩ ራሱ ይሠራዋል። ማንሻዋም የለችም።

7. አሁን ምቱ

ቤንዚን አትስጡ፤ ከሰጣችሁም ለስሙ ያህል። ጉልበታችሁን አታክርሩ። ክብደታችሁን ማስነሻው ላይ ጥላችሁ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ረጅም፣ ያልተቋረጠ ምት። ዝላይ አያስፈልግም። አንክል ጂ ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ ሸበጥ ሳይሆን የወታደር ጫማቸውን አድርገው፣ አንዴ ብቻ ረገጥ ያደርጉት ነበር። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። እኔ ጎረምሳው አሥር ጊዜ ስረግጥ ላቤ ይንጠፈጠፋል።

8. እምቢ ካለ

ሦስት አራት ጊዜ በትክክል መትታችሁ ካልተነሳ ቤንዚን ሞልቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉ፣ ቾኩን መልሱ፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ ጥግ ክፈቱ፣ የትንፋሽ ማንሻዋን ጨብጣችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ምቱ። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታችሁ ከቁጥር 5 ጀምሩ። አሁንም ከሌለ ካንዴላውን ፍቱ፤ ከራሰ አድርቁት። እሳቱ ደካማ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ፑንቲናው ነው። ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ቆሻሻ ከሆነ ጥረጉት። በ2000ዎቹ ኤሌክትሮኒክ እሳት ሲመጣ ይህ ራስ ምታት ቀረ፤ የመርፌዋም ምስጢር አብሮ ሄደ።

እምቢ ያለ ቡሌት የሚያናድድ ቢሆንም በራሱ የሚነሳም እንደማይጠፋ ህንዶች ይነግሯችኋል። ራጃስታን ውስጥ፣ ከጆድፑር ወደ ፓሊ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመስታወት ቤት የቆመ አንድ 350 ቡሌት አለ። ባለቤቱ ኦም ባና በአደጋ ከሞተ በኋላ ሞተሩ ከፖሊስ ጣቢያ እየጠፋ አደጋው ቦታ ላይ ይገኝ ነበር ይባላል። ዛሬ ሰው አበባ ይዞ ይሄዳል፣ መንገደኛም በሰላም እንዲያደርሰው ይማጸናል።

9. አሙቁት፣ ከዚያ ተነሱ

ለአንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ይሥራ። ቾኩን ቀስ በቀስ መልሱ። የመጀመሪያዎቹን መንገዶች ባዶ ሜዳ ላይ ንዱ፣ ምክንያቱም ስትደነግጡ ቀኝ እግራችሁ ፍሬን ብሎ የሚረግጠው ማርሹን ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። ከ2010 ወዲህ ያሉት ማርሻቸው በግራ፣ ቁጥሩም አምስት ስለሆነ ይህ ስጋት የለባቸውም።

አዲሱን የምትነዱ ከሆነ

ዩሲኢው መሸጋገሪያ ነው። የእሳት ማስነሻ አዝራር ያለውም፣ በእግር ብቻ የሚነሳውም ይሸጥ ነበር። በእግር ብትመቱትም እንደ ድሮው ዳንኪራ አያስረግጥም።

የ2023ቱ ግን ከሥር ጀምሮ ሌላ ሞተር ነው። ውስጡ ንዝረቱን የሚያጣፋ ሚዛን ዘንግ ገብቶለታል። የድሮውን ግማሽ ሰዓት ነድቼ ስወርድ እጄ እንደ ደነዘዘ ይቆይ ነበር፤ በአዲሱ ይህ የለም። ቁጥሩን ስታዩት ግን ትስቃላችሁ። የድሮው 346 ሲሲ፣ 18 የፈረስ ጉልበት፣ 163 ኪሎ ግራም። የአሁኑ 349 ሲሲ፣ 20.2 የፈረስ ጉልበት፣ 195 ኪሎ ግራም። ይህን ሁሉ ዘመን ተለፍቶ የተጨመረው ሁለት ፈረስ ነው፣ እነሱንም ክብደቱ በልቷቸዋል። ፍጥነት ፈላጊ ሌላ ቤት ይሂድ። የተገኘው ትርፍ ሌላ ነው፦ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ሳያልበው ይነሳል፣ ዘይት አያንጠባጥብም፣ ፍሬኑም ይይዛል።

ሁለት ነገር ግን አልነኩበትም። አንዱ የፊት መብራቱን ግራና ቀኝ የሚያጅቡት ትንንሽ መብራቶች ናቸው፤ «የነብር ዓይን» ይሏቸዋል። ሌላው ሰልባትዮው ላይ በእጅ በብሩሽ የሚሰመረው ወርቃማ መስመር ነው። በየቀኑ ለመሥሪያ ቤት ቢሆን አዲሱን እመርጣለሁ። እሁድ እሁድ ግን ከመርፌዋ ጋር መነጋገር ይናፍቀኛል።

10. ስታቆሙት

ቁልፉን ዝጉ፣ ከዚያ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉ። ሁለተኛው ይረሳል። ክፍት ካደረ ቤንዚኑ በካርቡሬተሩ እየተንጠባጠበ ያድርና ጠዋት ቁጥር 8 ላይ ትገኛላችሁ። አንክል ጂ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ባትሪ ይዘው ወጥተው ቧንቧውን ያዩ ነበር። እኔ ዘጋሁት ብላቸውም ያዩታል።