የተረጨ ብረት ለምን ይላጣል?

ተበልቶ የሳሳ የማሽን ዕቃ ላይ የቀለጠ ብረት ረጭተን ውፍረቱን እንመልሳለን። በቅርቡ የአንድ ጭነት መኪና ክራንክሻፍት (የሞተሩ ዋና የሚሽከረከር ዘንግ) ሬቲፊካ ላይ፣ ማለትም በድንጋይ እየተሞረደ እንዳለ፣ የተረጨበት ብረት እንደ እንቁላል ቅርፊት ተነሳ። ቅርፊቱን ገልብጬ ጀርባውን በጣቴ ዳሰስኩት። ልስልስ ያለ ነው። ይህን ልስላሴ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለዚህም ነው የምጽፈው።

የሚረጭ ብረት እንደ ብየዳ ከሥሩ ካለው ጋር ቀልጦ አይዋሃድም። ጠብታው ሲያርፍ ይጠፈጠፋል፣ ከሻካራው ገጽ ጋር ይቆላለፋል። ሻካራና ንጹሕ ገጽ ካላገኘ የሚይዘው ነገር የለውም።

ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ማታ ብላስት አድርጎ (ገጹን በአየር በሚነፋ ሻካራ ብናኝ አጽድቶና አሻክሮ) ጠዋት መርጨት ነው። እባካችሁ ይህን ተዉ! ብላስት የተደረገ ብረት ራቁቱን ነው፤ እርጥበቱንም አቧራውንም ይስባል። እኔም ጀማሪ እያለሁ አድርጌዋለሁ። ወሩ ሐምሌ ነው፣ መብራት ጠፋ፣ በጨርቅ ሸፍኜው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ዝገት አላየሁበትም፤ ረጨሁት። በሳምንቱ የዕቃው ባለቤት ሞተሩን አስወርዶ መጣ። ዕቃውን ከነድካሜ ተካሁለት። ከዚያ ወዲህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልረጨሁት እንደገና ብላስት አደርገዋለሁ። በባዶ እጅ መንካትም ያው ነው። የጣት ላብ ይበቃዋል።

ኮምፕረሰሩንም አትመኑት። ነጭ ወረቀት ያዙና አየሩን ለአንድ ደቂቃ ንፉበት። የዘይት ወይም የውሃ ነጥብ ካያችሁ ሥራው ይቁም። «ከሥር ኒኬልና አልሙኒየም ስለምረጭ ግድ የለም» የሚሉኝ ልጆች አሉ። ይህ ከሥር የሚረጨው ማያያዣ ይረዳል፣ ቆሻሻን ግን አያጥብም።

የዘይት ቀዳዳዎቹን ረስቶ መርጨት ሌላው ነው። ክራንኩ ሲሞቅ ውስጥ የቀረው ዘይት በቀዳዳው አፍ ይወጣና ያጸዳችሁትን ገጽ ያረጥበዋል። መጀመሪያ መስመሩን በሙሉ እጠቡ፣ ከዚያ ቀዳዳውን በካርቦን ዘንግ ድፈኑ። ክራንኩ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሆነማ ዘይቱ ብረቱ ውስጥ ገብቷል። ስታሞቁት ላብ ሲያወጣ ታያላችሁ። ላቡ እስኪደርቅ አሙቁት፣ ጥረጉት፣ ደግሞ አሙቁት፤ ብላስቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በነበልባል የምትረጩ ደግሞ ቀዝቃዛ ብረት ላይ አትጀምሩ። ነበልባሉ መጀመሪያ ሲነካው ብረቱ ላይ ጤዛ ይይዛል። 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጤዛው ይጠፋል። ሰማያዊ ቀለም እስኪይዝ ግን አታቃጥሉት።

የመርጫውን ሽጉጥ ወደ ገጹ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ45 ዲግሪ በታች ከወረደ ጠብታው ተንሸራቶ ክፍተት ይተዋል።

በሞላላ የተበላ አንገት (ክራንኩ ብሮንዚን ውስጥ የሚዞርበት ክብ ክፍል) ላይ እንዲሁ አይረጭም። ቀድሞ በእኩል ይላጭ፣ አለዚያ ከሬቲፊካ በኋላ አንዱ ጎን ስስ ሆኖ ይቀራል፤ የሚነሳውም ከስሱ ነው። ስትላጩ ግን ጥጉ ላይ ያለውን ክብ ማዕዘን አትንኩት። ክራንክ የሚሰበረው እዚያ ነው። ቶርኖው (የሚላጭበት ማሽን) እዚያ ስለታም ማዕዘን ከተወ፣ መኪናው ዳገት ላይ ጭነት እንደያዘ የሚሰበር ዕቃ ሠርታችኋል ማለት ነው።

ስንጥቅ ያለበትን ክራንክ በምንም ተአምር አትርጩ። መርጨት ውፍረት ይመልሳል እንጂ ብርታት አይጨምርም። በማግኔት ፈትሹት፣ ከተሰነጠቀ ባለቤቱን ጠርታችሁ አሳዩት። ይከፋዋል፤ ይክፋው።

ጭሱን በጨርቅ መሸፈኛ አትመክቱት። ክሮም ያለበት ሽቦ ሲረጭ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። የሚስብ ማራገቢያና ትክክለኛ ማስክ ይኑራችሁ።

ከሬቲፊካ በኋላ ካርቦኑን አውጡና ቀዳዳዎቹን በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠቡ። የተረጨ ብረት ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ የመሞረጃውን ድንጋይ ብናኝ ይይዛል፤ ብናኙ ደግሞ ብሮንዚኑን (አንገቱ የሚያርፍበትን ስስ ቅርፊት) ይበላዋል። ነጭ ጨርቅ በሽቦ አስገብታችሁ ጎትቱት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ብሮንዚኑን አትግጠሙ።